አልዘጋም ያለው መስኮት

(ጉዱማሌ፣ ሐዋሳ፤ ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ የተሰበሰብነው ጉዱማሌ ነው። ይህ ቦታ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ከሐይቁ ዳር ያለ የጋራ ቦታ ነው። የሲዳማ ሕዝብ ፊቼ ጨምበላላን ያከብርበታል። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። አያንቱዎች ጨረቃና ከዋክብትን አይተው ቀኑን ሲናገሩ፣ ከየወረዳው ሰው ወደዚህ ይጎርፋል። በምን ይመጣል? በእግሩ የሚመጣ አለ። የቀረው በአይሱዙ፣ በሚኒባስ፣ በአሮጌ ላንድክሩዘር ነው የሚመጣው። እኔ የመኪና ጥገና ሠራተኛ ነኝ። በበዓል ቀን ሰው የሰውን ልብስ ሲያይ እኔ የመኪና በር አያለሁ። መስታወቱ ግማሽ ላይ ቆሞ የቀረ፣ በካርቶን የተደፈነ፣ በእንጨት ሽብልቅ የተያዘ መስኮት አንድም ቀን አጥቼ አላውቅም።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ መስኮት ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ አባት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እኛ በሬ እንጂ መኪና የለንም። የመኪና መስኮት ለኛ ምናችን ነው?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከሱ ልነሣ። አባቴ፣ እዚያ ዛፍ ሥር የቆመችው ላንድክሩዘር የማን ናት? የማኅበሩ ናት። የማኅበሩ ከሆነች የእርስዎም ናት። ቡናውን ታወርዳለች፤ ማዳበሪያውን ታመጣለች፤ ምጥ የያዛትን ሴት ጤና ጣቢያ ታደርሳለች። የጥገናዋን ሒሳብ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። አንድ ቀን ባለ ጋራዡ፣ «መስታወት ማንሻው ሞቷል፤ ሌላ ይገዛ» ይላችኋል። ሞቷል ወይስ ታሟል? ይህን ለመጠየቅ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ደግሞ አሮጌ መኪና ከኛ ቶሎ አይለይም። መኪና መጀመሪያ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም.፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ አንዱን መኪና ስንት ዓመት እንደምንነዳው ታውቃላችሁ፤ አባት ነድቶት ልጅ ይረከበዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን በጣም ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሄደው በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያለውን መጠበቅ ነው። ያቺ ላንድክሩዘር የምትመደብበትን ዓይነት ፋብሪካው መሥራት የጀመረው በ1977 ዓ.ም. ነው። ከናንተ መካከል ከዚያ ወዲህ የተወለደ አይጠፋም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የራሴ ጥፋት ነው።

ወጣት ሳለሁ በአንድ አሮጌ አይሱዙ ላይ ረዳት ነበርኩ። የጋቢናው የቀኝ መስኮት መስታወት አልቆም ይል ነበር። ከፍ አድርገው ሲለቁት ቁልቁል ይንሸራተታል። እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? እንጨት ጠርቤ ሽብልቅ አበጀሁለት። ከላስቲኩና ከመስታወቱ መካከል ስሰካው ጸጥ አለ። ባለቤቱም «ጎበዝ!» አለኝ። እንዲሁ ስድስት ወር ሄድን።

አንድ ቀን ከአለታ ወንዶ ወደ ሀገረ ሰላም ስንወጣ አንዲት አራስ ተሳፈረች። ልጇን አቅፋለች። ጋቢናው ይሻላል ብዬ ቦታዬን ለቀቅሁላት፤ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። እኔ ከኋላ ከጭነቱ ላይ ወጣሁ። ዳገቱን እያጋመስን ሳለ ዝናብ ያዘን። ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። መንገዱ መኪናውን ሲያንገጫግጨው ሽብልቁ ወደቀ፤ መስታወቱም ዷ! ብሎ በበሩ ሆድ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ ቆመ፤ እኔ ወረድኩ። እጀታውን ባዞር ባዞር መስታወቱ አይወጣም። ጆንያ አምጥቼ ደፈንኩት። ጆንያው ወዲያው በሰበሰ። እናቲቱ ነጠላዋን አውልቃ በመስኮቱ ላይ ወጠረችው፤ ልጇን በቀሚሷ ሸፈነችው። ሀገረ ሰላም ስንደርስ እሷም ልጁም ጨቅይተው ነበር። ሰዎች እሳት አነደዱላቸው። ልጁ ደኅና ሆነ፤ ተመስገን። ስትወርድ አልሰደበችኝም። «ሒሳቡን ግን ሙሉ ነው የተቀበላችሁኝ» ብቻ አለችኝ።

በማግሥቱ በሩን ፈታሁት። ሆዱ ውስጥ ምን አገኘሁ? ሦስት እፍኝ የሚሆን ጭቃ። ከጭቃው በላይ ውሃ ቋጥሯል። የመስታወቱ ማንሻ ቀይ ዝገት ለብሷል፤ ሞላው በዝገት ተበልቶ ተበጥሷል። ሥራው የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ሽብልቅ ስጠርብ የነበርኩት ግማሽ ቀን ለመቆጠብ ነው።

እንግዲህ ውሃው ከየት መጣ? ብዙ ሰው የመኪና በር ውሃ የማያስገባ ይመስለዋል። አይደለም። ዝናብ መስታወቱን ታክኮ ሲወርድ፣ ከውጭ በኩል ባለው ላስቲክ ሥር ሾልኮ ወደ በሩ ሆድ ይገባል። አዲስ መኪናም ቢሆን ይገባል። መኪናውን የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ከበሩ ግርጌ ውሃው የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ትተዋል። የናንተ ማሳ ቦይ ማለት ነው። ቦዩ ሲደፈን ማሳው ምን ይሆናል? ይተኛበታል። በሩም እንደዚያው ነው። አቧራ ከላይ ይገባል፤ ከውሃ ጋር ተላቁጦ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃው ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ውሃው ይቋጠራል።

ዝገት ምንድን ነው? ማረሻችሁን አስቡት። ስታርሱበት እንደ ብር ያበራል። ክረምቱን በደጅ ቢረሳ ቀይ ይለብሳል። ብረት ውሃና አየር አንድ ላይ ሲያገኙት ይዝጋል። አንዱን ከከለከላችሁት አይዝግም። ቀለምም፣ ግራሶም፣ ሰምም ሥራቸው አንድ ነው፤ ውሃውና አየሩ ብረቱን እንዳያገኙት ይከልላሉ። አቧራ ደግሞ ክፉ ነው። ደረቅ ይመስላል እንጂ እርጥበት ይዞ ያቆያል። ዝናቡ ካባራ በኋላም በሩ ከውስጥ ይዝጋል።

አሁን መስታወቱ በምን እንደሚወጣ እንይ። ድሮ ድሮ የመኪና መስታወት የሚሳበው በቆዳ ጠፍር ነበር፤ እጀታ የመጣው ኋላ ነው። እጀታውን ስታዞሩ ከበሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ባለ ጥርስ ብረት ትዞራለች። እሷ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥርሳም ብረት ትገፋለች። ትልቁ ብረት ሙሉ ክብ አይደለም፤ ለአራት የተቆረጠ እንጀራ አንዱን ቁራሽ ይመስላል። ከሱ ጋር ረጅም ክንድ ተያይዟል። በብዙ መኪና ክንዶቹ ሁለት ናቸው፤ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። በክንዱ ጫፍ ትንሽ ተንከባላይ ጎማ አለች። እሷም ከመስታወቱ ግርጌ በተገጠመ የብረት ቦይ ውስጥ ትሄዳለች። ክንዱ ሲነሣ መስታወቱ ይነሣል።

መስታወት ከባድ ነው። ታዲያ በእጅ ሲዞር እንዴት ይቀላል? የተጠቀለለ ሞላ ስላለ ነው። መስታወቱ ሲወርድ ሞላው ይጠብቃል፤ ሲወጣ ሞላው አብሯችሁ ይገፋል። በትንሿ ጥርስ ሥር ደግሞ ሌላ ትንሽ ሞላ አለች። እሷ መስታወቱ በራሱ ክብደት እንዳይወርድ ቆንጥጣ ትይዘዋለች።

ይህን ካወቃችሁ በሽታውን ከውጭ ሆናችሁ መለየት ትችላላችሁ። እጀታው በባዶ የሚዞር ከሆነ የእጀታው ውስጥ ተልጧል፤ ወይም ጥርሱ አልቋል። መጀመሪያ የሌላኛውን በር እጀታ አምጥታችሁ ሞክሩ። በሱ ከሠራ ጥፋቱ የእጀታው ብቻ ነው፤ በሩን አትፍቱ። መስታወቱ እየተንሻፈፈ የሚወጣ ከሆነ ተንከባላይዋ ጎማ ከቦይዋ ወጥታለች። እጀታው በጣም የሚከብድ ከሆነ ወይ ዝገት ነው፣ ወይ የጎኑ ላስቲክ ደርቋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሲከብደው ኃይል ይጨምራል፤ ጥርሱ የሚያልቀውም ያን ጊዜ ነው። መስኮት ከከበዳችሁ አታስገድዱት።

ወደ ሥራው እንግባ። መሣሪያው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የብሎን መፍቻና ጨርቅ ነው። ጋራዥ ውስጥ የምትሰሟቸው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ሞላ፣ ላሜራ፣ ጎማ የሚባሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሄደ፤ ቃሉ ቀረ። መካኒክ ቃሉን እየደረደረ ሲናገር አዋቂ መስሎ አያስፈራችሁ። ሞላ ማለት ተጠቅልሎ የሚመለስ ብረት ነው፤ በቃ።

መጀመሪያ መስታወቱን እስከ ላይ አውጡ። አልወጣ ካለ ሁለት ሰው በመዳፉ ግራና ቀኝ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ከዚያ በእንጨት ሽብልቅ እሰሩት። አዎ፣ ያው ሽብልቅ ነው፤ ግን ለአንድ ሰዓት እንጂ ለስድስት ወር አይደለም። ይህን ሳታደርጉ እጃችሁን በበሩ ሆድ አትስደዱ። የወደቀ መስታወት ጣት ይሰብራል።

ቀጥሎ እጀታው ይወጣል። በአንዳንዱ መኪና ከመሐሉ ብሎን አለው። በሌላው ብሎን የለውም፤ ከኋላው የፈረስ ኮቴ የመሰለች ቀጭን ሽቦ ይዛዋለች። ይህን የማያውቅ ሰው በመዶሻ እየመታ እጀታውን ይሰብራል። ዘዴው ቀላል ነው። ቀጭን ጨርቅ በእጀታውና በበሩ መካከል አስገቡ። ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ሊስትሮ ጫማ እንደሚወለውል ወዲያና ወዲህ ሳቡት። ጨርቁ ሽቦዋን ይዞ ያወጣታል። ዓይናችሁን ዘወር አድርጉ፤ ፈንጠር ትላለች። ከጠፋች ደግሞ መግዛት ነው።

የበሩ የውስጥ ልባስ በብሎንና እንደ ልብስ አዝራር በሚገቡ ቁልፎች ተይዟል። ብሎኖቹን ፍቱ፤ ቁልፎቹን ከሥር በካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ አንሡ። ከልባሱ በስተኋላ የተለጠፈ ስስ ላስቲክ ታገኛላችሁ። ብዙ ባለሙያ ይህን ላስቲክ ቀዶ ይጥለዋል። ትልቅ ጥፋት ነው! ውሃውን ወደ ቀዳዳው የሚመልሰው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ውሃው ልባሱን አበስብሶ ወደ መኪናው ወለል ይሄዳል። በጥንቃቄ ልጣችሁ አስቀምጡት። ተቀድዶ ከጠበቃችሁ ወፍራም የማዳበሪያ ላስቲክ በልኩ ቁረጡ።

አሁን የማንሻውን ብሎኖች ፍታችሁ ክንዱን ከቦዩ አንሸራቱና በበሩ ቀዳዳ አውጡት። አንድ አደራ አለኝ። ያን የተጠቀለለ ሞላ አትንኩት። ውጥር ነው። ክንዱን ይዞት ከነበረው ነገር ብታላቅቁት እንደ ወጥመድ ይመታል። ሞላው ከተበጠሰ ወይም መነቀል ካለበት ለባለሙያ ስጡት። ይህን ፍርሃት አትበሉት፤ እኔም ክንዱን በማሰሪያ ሳልቀይድ አልነካውም።

ማንሻውን በናፍጣ እጠቡት፤ እሳትና ሲጋራ አይቅረብ። የደረቀው ግራሶ ጭቃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት፤ ዝገቱ የጠለቀበትን በብርጭቆ ወረቀት እሹት። የላላውን ዝገት ሳታነሡ ቀለም ብትቀቡ፣ ቁስል ሳያጥቡ በጨርቅ እንደማሰር ነው። ዝገቱ ከሥር መብላቱን ይቀጥላል። ከዚያ በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ፈጽሞ ይድረቅ። ሲደርቅ ጸረ ዝገት ቀለም ቀቡት። ቀለሙ ጥርሱ ላይ፣ መጋጠሚያው ላይና ሞላው ላይ እንዳይገባ። እነዚያ የሚቀቡት ግራሶ ነው።

እዚህ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ግራሶ ከሌለ ቅቤ አይሆንም ወይ?» አሉ። ሁላችሁም ሣቃችሁ፤ እኔ ግን ጥያቄውን ወድጄዋለሁ። አይሆንም፣ እማማ። ቅቤ በውስጡ ውሃ አለው፤ ሲቆይም ይኮመጥጣል። የኮመጠጠ ነገር ብረት ይበላል። አይጥም ይጠራል። ቅቤው ለቡሪሳሜ ይሁን።

ጥርሱ ያለቀ ከሆነስ? ጥርሱ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም እኩል አያልቅም። የሚበላው ሁልጊዜ የሚሠራበት ቦታ ነው። ሁለት ሦስት ጥርስ ከሆነ ጥሩ ብየዳ የሚችል ሰው ሞልቶ በሞረድ ይቀርጸዋል። ሲበየድ ሞላው እንዳይግል እርጥብ ጨርቅ ይደረግበት፤ የጋለ ሞላ ጉልበቱ ይሞታል። ጥርሱ በሙሉ ካለቀ አይድከም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና የወጣ ማንሻ ይገኛል። ስትገዙ የቀኙ ለግራ እንደማይሆን አስታውሱ፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ገጥማችሁ እዩ። ክንዱን እያንቀሳቀሳችሁ ተንከባላይዋ ጎማ መኖሯን ተመልከቱ። ሻጩ አይኖርም ብሎ የሚያስበው ጥያቄ እሱ ነው።

መስታወቱ ከግርጌው ቦይ የተላቀቀ ከሆነ ደግሞ መግዣ አያስፈልገውም። ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀጭን ቁራጭ ቁረጡ። በመስታወቱ ግርጌ አጥፋችሁ አልብሱት፤ በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ ወደ ቦዩ ግፉት። ሲደርቅ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል።

አሁን ወደ በሩ ሆድ እንመለስ፤ ዋናው ሥራ እዚያ ነውና። ማንሻውን አድሳችሁ ቀዳዳውን ደፍናችሁ ብትተዉት በሚቀጥለው ክረምት ትገናኛላችሁ። ጭቃውን በእጅ ዝቃችሁ አውጡ። ከበሩ ግርጌ ያሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ውጉ። በውሃ አጥባችሁ በሩን ከፍታችሁ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ይምታው። ላሜራው የታጠፈበት ግርጌ ላይ ዝገት ካለ ፈግፍጋችሁ ጸረ ዝገት ቀለም ቀቡት።

ከቀለሙ በላይ ምን ይደረግ? ብዙ ሰው የተቃጠለ ዘይት ይረጫል። ዘይቱ ለጊዜው ይከልላል፤ ግን ይንጠባጠባል፤ የበሩን ላስቲክ ያለሰልሳል፤ ልብስ ያበላሻል። ዝናብ ሲያጥበው ደግሞ ወዴት ይሄዳል? እዚህ ሐይቅ ዳር ቆመን መልሱን እያየነው ነው። ሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባው ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ቆሮሶውን የምንበላው እኛ ነን።

የተሻለ ነገር በቤታችሁ አለ፤ ሰም ነው። አንድ እጅ ንጹሕ ሰም ከሦስት እጅ አዲስ የሞተር ዘይት ጋር አድርጋችሁ፣ ዕቃውን በፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አቅልጡት። እሳት ላይ በቀጥታ አትጣዱት፤ ይነድዳል። ሲቀዘቅዝ እንደ ለጋ ቅቤ ይሆናል። ለብ እንዳለ በብሩሽ የበሩን ግርጌና ጥጋጥግ ቀቡት። ሰሙ አይፈስም፤ ውሃ አያስጠጋም። በውጭ አገርም ለመኪና በር ሆድ የሚሸጡት ብዙ መከላከያዎች መሠረታቸው ሰም ነው። ስትቀቡ ቀዳዳዎቹን እንዳትደፍኑ። እኔ አንዴ ደፍኜ አውቃለሁ፤ ሁለተኛ ሥራ ሆነብኝ።

ግራሶውን በጥርሱ፣ በመጋጠሚያውና በተንከባላይዋ ጎማ ቦይ ቀቡ። መስታወቱ በሚሄድበት የጎን ላስቲክ ላይ ግን ግራሶም ዘይትም አታድርጉ። አቧራ ይይዛል፤ አቧራው መስታወቱን ይፍቃል። ለላስቲኩ ጠርጋችሁ ደረቅ ሳሙና ማሸት ይበቃል።

መስኮቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ከውስጥ ያለው ብዙ አይለይም፤ በእጅ ፈንታ ሞተር ያዞረዋል። መፍታት ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ገመድ ንቀሉ። ሞተሩን እናንተ እጃችሁ ውስጥ እያለ አንድ ልጅ ቁልፉን ቢነካው ጉድ ነው።

ስትገጥሙ ብሎኖቹን መጀመሪያ ለዘብ አድርጉ። መስታወቱን አውጡና አውርዱ፤ ቦታውን ሲያገኝ አጥብቁ። ከዚያ ስሱን ላስቲክ፣ ልባሱን፣ በመጨረሻ እጀታውን መልሱ። አንድ ጣሳ ውሃ ውሰዱና በተዘጋው መስታወት ላይ ከውጭ አፍስሱ። ጎንበስ ብላችሁ ከበሩ ሥር እዩ። ውሃው በቀዳዳዎቹ ጠብ ጠብ ካለ ሥራው ተሠርቷል። ከአንዱ ብቻ ከወጣ ሌላው ተደፍኗል፤ በሽቦ ውጉት። ይህን የጣሳ ውሃ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ድገሙት። ለዚህ መካኒክ አያስፈልግም፤ ልጅም ይሠራዋል።

የማኅበራችን መኪና የግራው በር እየከበደ ነው ብሎ ሾፌሩ ነግሮኛል። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ናት፤ በሩ ደርቋል። ካቻቢቴው እኔ ጋ ነው። ጨርቅ የያዘ ማን አለ?